ደብዳቤ የሌለው ውሃ

አምሳለ በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ የጥርስ ብሩሹን አነሣች። ጥርሷን ልትቦርሽ አይደለም። በሳሎኑ ጥግ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው የዓሣ መስታወት ሳጥን እንደገና አረንጓዴ ለብሳ ነበር። ሳጥኗ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ ተኩል አይበልጥም፤ የያዘችው ግን የቀይ ባሕር ውሃ ነው። ባሕሩ በሎሪ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በሚርቅበት፣ ሰው ሁሉ ስለ ሰሊጥና ስለ ማሽላ በሚያወራበት በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ቤቷ ውስጥ ባሕር ያስቀመጠች ሴት ጎረቤት ምን እንደሚላት መገመት አያቅትም። «የዙፋን ልጅ ጨው ውሃ ታረባለች» ይሏታል። ይበሏት። እሷ በዚያች ሳጥን ውስጥ ምን እንደምታኖር የምታውቀው ራሷ ናት።

ሳጥኗ የዓለምነው ስጦታ ነበረች።

ዓለምነው ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ሰሊጥ ሊያርም ከመተማ የተሻገረ ሰው ነው። ሁለት ክረምት አረመ፤ በሦስተኛው ከገዳሪፍ ፖርት ሱዳን ሰሊጥ በሚያመላልስ ሎሪ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆነ። አምሳለ ከምትሠራበት ፋርማሲ የወባ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ቀን አወሳሰዱን ስትነግረው ዓይኗን እያየ «እሺ፣ እሺ» ይላል። «በቀን ስንቴ አልኩህ?» ብላ ብትጠይቀው አያውቅም። ደገመችለት። አሁንም አያውቅም። በሦስተኛው ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ወባ ሳይዘው መመላለስ ጀመረ።

ፖርት ሱዳን ላይ አንድ ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው ሲጣል ነው ሳጥኗን ያገኛት። በሰሊጥ ጆንያዎች መሐል ሸጉጦ አመጣት፤ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ ደግሞ በውሃው ውስጥ እንደ ጣት የሚወዛወዝ ኮራል የሚሉት አንድ ቡናማ የባሕር ፍጥረት አብረው መጡ። የአየር መንፊያዋን ከጣሪያው ሶላር ጋር አገናኝቶ፣ «ይኸውልሽ፣ ባሕሩን አመጣሁልሽ» አላት። የባሕር ዳርቻ አይታ የማታውቅ ልጅ እንዲህ ስትባል ምን ትላለች? አምሳለ ወደ ጓዳ ገብታ ፊቷን ታጠበች።

በወሩ አረንጓዴው ነገር፣ አልጌ የሚሉት፣ መጣ። መጀመሪያ መስታወቱን እንደ አቧራ ሸፈነው፤ ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ ጸጉር አበቀለ። አምሳለ ደነገጠች። ዓለምነው ግን አልደነገጠም።

«ይኼ አረም ነው» አላት። «አረምን እኔ ልንገርሽ። ዝም ብሎ አይበቅልም፣ የሚያበላው ሲያገኝ ነው። ምግብ እየበዛባቸው ነው፣ መብራቱም በዝቷል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ መብራቷ በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ሆነች፤ የምሥራቁ መስኮት መጋረጃ ተሰቀለለት። ዓሦቹ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር ብቻ ይሰጣቸው ጀመር፤ እናቷ ዙፋን «ደግሞ ለዓሣ ጾም አወጃችሁ?» ብላ ሳቀችባቸው። በሙቀቱ ተንኖ የጎደለውን ውሃ፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው አሲድ በሌለው ንጹሕ ውሃ ይሞሉታል። ውሃው እንጂ ጨው አይተንም፤ በጨዋማ ውሃ ቢሞሉት ጨው በጨው ላይ ይደራረባል። በየወሩ ደግሞ ከሳጥኗ አንድ ጀሪካን አሮጌ ውሃ ወጥቶ፣ ከፖርት ሱዳን በመጣ አንድ ጀሪካን አዲስ የባሕር ውሃ ይተካል።

ዓርብ ዓርብ ሥራ የለም። ዓርብ ዓርብ ሁለቱ በሳጥኗ ግራና ቀኝ ቆመው ያርማሉ። «ከሥሩ ጠቅልይው እንጂ አትቁረጭው» ይላታል፤ «የተቆረጠው ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይበቅላል።» የአልጌውን ጸጉር በብሩሹ ላይ አዙሮ ነቅሎ ሲያወጣ፣ ሰሊጥ መሐል ያደገ እጅ መሆኑ ይታያል። ዙፋን ፊት ለፊት ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ትጠብቃቸዋለች። ምስሩን ታያለች፣ ልጇን ታያለች፣ እንደገና ምስሩን ታያለች። ውሃው ውስጥ ግን አታይም። ሁለት ዓመት ሙሉ የእነዚያ ልጆች እጅ የሚነካካበት ቦታ ቢኖር ያ ውሃ ብቻ ነበር። አምሳለ ዛሬም እጇን በነከረች ቁጥር፣ ሌላው እጅ ከወዲያ በኩል የሚመጣ እየመሰላት ትቆያለች።

* * *

ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ዓለምነው ሽማግሌ ላከ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ደጅ ቆመው፣ እንደ ወጉ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ጠበቁ። ዙፋን አስቀመጠቻቸው፣ አስተናገደቻቸው፣ መለሰቻቸው።

«ልጄን ብቻዬን አሳድጌ ያስተማርኩ ለጫኝና አውራጅ አይደለም» አለች። ካሰላ ላይ ሱቅ ያለው ሓይሉ የሚባል ሰው አምሳለን አስጠይቆ ነበር፤ የእናትየው ልብ እዚያ ነው።

ዓለምነው አልተቆጣም። «የሎሪ መሪ ሳልጨብጥ አልመለስም፤ እናትሽም ካልጠሩኝ ደጃቸው ላይ አልቆምም» ብሏት ፖርት ሱዳን ሄዶ እዚያው ሥራ ያዘ። ስልክ አይበቃም ወይ የሚል አይጠፋም። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ኔትወርኩ አንድ ቀን ታይቶ ሳምንት ይጠፋል፤ የዓለምነው ስልክ ደግሞ በሄደ በወሩ ተሰረቀ። ስለዚህ ውሃው ፖስተኛ ሆነ። ጋረደው የሚባል ሹፌር በየወሩ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ ያመጣል፤ በጀሪካኑ እጀታ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ ታስሮ ይመጣል። አምሳለ ፋርማሲ ስለምትውል የምትቀበለው ዙፋን ናት። ዙፋን ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤውን ሳትፈታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ባትወደውም አደራ አትበላም። አምሳለም መልሷን ከባዶው ጀሪካን ጋር ለእናቷ ትተዋለች።

ሐምሌ ላይ ጀሪካኑ ደብዳቤ ሳይኖረው መጣ።

ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጊዜ አጥቶ ነው ብላ አምሳለ ለራሷ ነገረችው። ነሐሴም ውሃ ብቻ። መስከረምም። ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ ሦስቱም መልስ አጡ። ጋረደውን ፈልጋ ልትጠይቀው አስባ ነበር፤ ኩራቷ ከለከላት። ውሃ መላኩን ያልረሳ ሰው ቃል መላክ ከረሳ፣ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

አልጌውም የልቧን ያወቀ ይመስል ባሰበት። መብራቱን ወደ አራት ሰዓት አወረደችው። ምግቡን በሦስት ቀን አንዴ አደረገችው። ድንጋዩን ፈቅፍቃ ፈቅፍቃ ጣቷ ተላጠ። እንደ ጸጉር የነበረው እንደ ጋቢ ሆነ፤ ቡናማው ኮራል ጣቶቹን አጥፎ ተሰበሰበ። ጥቅምት ላይ ከሁለቱ ብርቱካንማ ዓሦች አንዱን በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘችው። የቀረው ዓሣ ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ጥግ አልንቀሳቀስም አለ፤ አምሳለም ልታየው አልቻለችም፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

* * *

ነገሩን የገለጠው ሌላ ሳይሆን ያው አረም ነው።

የፋርማሲ ሰው ያለ ልማዱ አይኖርም፤ አምሳለ የምታደርገውን ሁሉ ግድግዳው ካላንደር ላይ ምልክት ታደርጋለች። በኅዳር መጨረሻ አንድ ዓርብ ካላንደሩን ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች። አልጌው የሚበረታው ሁልጊዜ ውሃው በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ነበር። ጥቅምት ላይ በሐዘኗ ሳትቀይር በቀረችባቸው ሳምንታት ደግሞ ጋብ ብሎ ነበር። አዲሱ ውሃ ሊያጸዳው ሲገባ እያበላው ነው።

ጓዳ ገብታ ትናንት የመጣውን ጀሪካን ከፈተች። በመዳፏ ጨልፋ ቀመሰችው። ዓለምነው ሳጥኗን ያመጣ ቀን የባሕሩን ውሃ አስቀምሷት ያውቃል፤ መጀመሪያ ይጎመዝዛል፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት አለው። ይህ ምሬት የለውም። ይህ ወጥ ውስጥ የምታውቀው ጨው ነው።

አምሳለ ጓዳው ውስጥ ቆማ ቀረች። አምስት ወር ደብዳቤ የነፈጋት ሰው፣ ለካ ባሕሩንም ነፍጓት ኖሯል። ዳርቻው ድረስ መሄድ ሰልችቶት፣ ካገኘው ጉድጓድ ቀድቶ ጨው በጥብጦ ነው የላከላት። መርሳቱን ይቅር ልትለው ትችል ነበር። በዚያ ውሃ እንደምትኖር እያወቀ ማታለሉን ግን እንዴት ትችለው?

ጀሪካኑን እየጎተተች ግቢው ድረስ ወጣችና አፉን ወደ መሬት ደፋችው።

«ኸላስ፣ እማ! በቃኝ!» ብላ ጮኸች። ዙፋን ልብስ እያሰጣች ነበር። «ውሸታም ነው! የጉድጓድ ውሃ በጨው በጥብጦ ነው ሲልክልኝ የከረመው። ዓሣዬን ገደለብኝ፤ እኔንም እንደ ሞኝ ተጫወተብኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ። ለሓይሉ ላኪበት፤ እሺ ብላለች በይው።»

ይህን ቃል ለመስማት ዙፋን ሁለት ዓመት ሙሉ ተስላለች። አሁን ልጇ ራሷ አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ዝም ብትል በቂ ነበር፤ ዝም ብትል ሠርጉ ካሰላ ይሆን ነበር። የያዘችው ነጠላ ከእጇ ወደቀ።

«ልጁን አትርገሚው» አለች ቀስ ብላ። «ውሃው የኔ ነው።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የበጠበጥኩት። ከባለ ጋሪው ውሃ ገዝቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ በምላሴ እየለካሁ። የፊተኛውን ቀምሼው ስለነበር የደረስኩበት መስሎኝ…» ነጠላውን ከመሬት አነሣች። «ዓሣውን የሚገድል መሆኑን አላወቅሁም ልጄ። በማርያም፣ አላወቅሁም።»

አምሳለ አልገባትም። ዙፋን ጓዳ ገብታ የስደተኛ መታወቂያዋን ከምታስቀምጥበት ቦርሳ አንድ ፌስታል አወጣች። ውስጡ አንድ ያልተከፈተ ደብዳቤ ነበር፤ ከሱ ጋር አምሳለ የጻፈቻቸው ሦስቱም።

«ሰኔ መጨረሻ ላይ ጋረደው ባዶ እጁን መጣ። ‹ከእንግዲህ ውሃ ማፊ፣ የለም፤ ይቺ ደብዳቤ የመጨረሻዋ ናት፣ ለልጅሽ ስጫት› አለኝ። የመጨረሻዋ ሲለኝ…» ዙፋን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «አባትሽ እናቱን ሊጠይቅ ተሻግሮ የቀረ ጊዜ የመጣችልኝ ደብዳቤም እንዲሁ በፌስታል የተጠቀለለች ነበረች። የካምፑ አስተማሪ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። በወባ ሞተ ይላል። አንቺ የሁለት ዓመት ልጅ ሆነሽ ጡቴን ይዘሽ ነበር። ያን ቀን እንደሆንኩት ስትሆኚ ማየት አልቻልኩም። ውሃው የመጣ ቀን ፊትሽ ሲፈካ አየው የለ? ውሃው ካልቀረ ሰውየው አልቀረም ትያለሽ አልኩ። ውሃውን ሠራሁት። ደብዳቤውን ግን ከየት ላምጣው? ፊደል አልቆጠርኩ።»

አምሳለ ደብዳቤዎቹን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። ይቺ ሴት ሽማግሌ የመለሰች ሴት ናት። ይቺው ሴት አምስት ወር ሙሉ የማትወደውን ሰው ፍቅር በጀሪካን ስትሠራ ኖራለች። በየትኛው ትቆጣት? በየትኛውስ ትቀፋት?

ደብዳቤውን ከፈተችው።

«ለማልረሳሽ አምሳለ፤ አንቺም እናትሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከእንግዲህ ውሃ አልክልሽም፤ ባሕሩን ትቼዋለሁና። መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ዶካ ላይ የሰሊጥ ሎሪ መሪ ጨብጫለሁ። በእንዲህ ያለ ቅርበት ሆኜ ሳልመጣ መቅረቴ ቅር አይበልሽ። ካልጠሩኝ ደጃቸው ላይ አልቆምም ብያለሁ፤ ዛሬ ቃሌን ባጥፍ ነገ አንቺ በምን ታምኚኛለሽ? ና ካልሽኝ በማግስቱ እመጣለሁ። ዝም ካልሽኝም ዝምታሽ መልስ መሆኑን እቀበላለሁ። የዘንድሮ ሰሊጥ ተጭኖ እስኪያልቅ ዶካ አለሁ። ከዚያ ወደ መተማ፣ ወደ እናቴ እሻገራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልመለስም። ስለ ሁሉም ነገር አመሰግንሻለሁ፤ ከሁሉም በላይ ስለ ዓርቦቹ።»

አምሳለ «ስለ ዓርቦቹ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ኅዳር እያለቀ ነው፤ ሰሊጡም ከማሳ ተነሥቷል። በሱ ዘንድ አምስት ወር ሙሉ ዝም ስትለው ኖራለች፣ እሷ ግን አንድ ቀን ዝም ብላው አታውቅም።

«ምን ይላል?» አለች ዙፋን፤ እንደዚያ የመርዶ ቀን ሁለት እጇን ጡቷ ላይ አጣምራ።

«በሕይወት አለ፣ እማ» አለች አምሳለ። የዚያን ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ፤ እናትየው የሃያ አምስት ዓመቱን፣ ልጅቱ የአምስት ወሩን።

* * *

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዶካ ገቡ። ዙፋን «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ወጥታ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችም።

የሎሪዎቹ መቆሚያ ግማሹ ባዶ ነው። ጆንያ የሚሰፋ ሰውዬ ዓለምነው ሲሉት በእጁ አሳያቸው። «ያውና፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር። ትናንት ሥራ ጨርሷል። ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሄድ መኪና እየጠበቀ ነው።»

ቆዳው ጠቁሯል፤ ጢም አሳድጓል። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። አምሳለን ሲያያት ብድግ አለ፣ ግን ወደ እሷ አልተራመደም። ያ አቋቋሙ ገደላት። ፋርማሲው ውስጥ «በቀን ስንቴ» ሲባል የማያውቀው ልጅ፣ አሁን የሚናገረውን ሁሉ አስቦ የጨረሰ ሰው ሆኖ ነበር።

«ደህና ነሽ?» አላት፣ ባዳ እንደሚጠይቅ።

«ደብዳቤህ ትናንት ነው የደረሰኝ።»

«ትናንት?» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በሰኔ የላክሁት? አምሳለ፣ ምክንያት ማምጣት የለብሽም። እኔ አልቀየምኩሽም። ተረድቼዋለሁ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በቂ ነበር፤ እናቴ ደበቀችብኝ ማለት። ጆንያ ሰፊው እየሰማ ነው፣ ሹፌሮቹ እያዩ ነው። የእናቷን ስም እዚህ ሰው መሐል ማውጣት አንደበቷ እምቢ አላት። ዝም አለች። ዓለምነውም ያን ዝምታ፣ እንደ አምስት ወሩ ዝምታ፣ አየው፤ ጎንበስ ብሎ የሻንጣውን ማንገቻ ያዘ። የገላባቱ መኪና ከመንገዱ ማዶ ጡሩምባ ነፋ። 

«ያ ሐጃ! እትዬ! የጎማው ድንጋይ ነው!»

አንድ ሹፌር እየጮኸ ነበር። ሁሉም ዞሩ። ዙፋን፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት፣ ከአንድ የቆመ ሎሪ የኋላ ጎማ ሥር የተወሸቀውን ድንጋይ ነቅላ ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ትመጣ ነበር። ሎሪው ንቅንቅ አላለም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ባለበት ደረቀ። እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ምን ሊል እንደሚመጣ የአገሬው ሰው ያውቃል።

ዓለምነው ፊት ስትደርስ ተንበረከከች።

«ደብዳቤህን የደበቅሁት እኔ ነኝ። የሷንም ሦስት ደብዳቤ ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ልጄ አንድም ቀን ዝም አላለችህም። ይቅር በለኝ።»

«እማማ ዙፋን! ኧረ በማርያም ይነሡ!» ሻንጣውን ጥሎ ድንጋዩን ሊያነሣላት ተወረወረ፤ እሷ ግን አጥብቃ ያዘችው።

«ይቅር ካላልከኝ አላወርደውም።»

«ይቅር ብያለሁ! ይቅር ለእግዚአብሔር! ድንጋዩን ይስጡኝ!»

ተቀብሎ መሬት ላይ አኖረው። ዙፋን ግን አልተነሣችም። ነጠላዋ አቧራ ለብሶ፣ ቀና ብላ አየችው።

«ሽማግሌዎችህን የመለስኩ ሴት ነኝ። ዛሬ ከኔ ወገን የሚላክ ሽማግሌ ስለሌለኝ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጥቻለሁ። ያን ጊዜ ጫኝና አውራጅ ብዬህ ነበር። ተሳሳትኩ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ነበርክ። ልጄን ውሰዳት። ደጄን አንተ ክፈተው፣ ልጄ።»

ዓለምነው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።  ማዶ ያለው መኪና ደግሞ ነፋ፤ ማንም አልዞረለትም። ዙፋንን በሁለት እጁ ደግፎ አስነሣት፤ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን የድሮውን፣ ቃል የሚያስረሳውን አስተያየት አምሳለን አያት።

አምሳለ ይህን ቀን ስታስበው ሁልጊዜ ሮጣ ስታቅፈው ነበር የምታየው። አሁን ግን መሮጥ አልቻለችም። እዚያው ቆማ አየችው፤ ያላየችበትን ወር ሁሉ አሁን ማየት ያለባት ይመስል፣ ጢሙን፣ የጠቆረ ቆዳውን፣ የቀላ ዓይኑን አየችው። የናፈቀችው ሰው አንድ እርምጃ ላይ ቆሞ ሳለ ናፍቆቱ አልወጣላት አለ፤ አጠገቡ ሆናም ገና ይናፍቃት ነበር።